የማኅበረ ሥርዓት ጸሐፊ

ባለፈው ታኅሣሥ ነው። ልጆቼ በርበሬ ደጅ ላይ አስጥተው፣ ዶሮ እንዳይጭረው ጠብቅ ብለው አስቀምጠውኝ ነበር። ሰው ሲያረጅ የሚያገኘው ሹመት ይኸው ነው። ፀሐዩ ደስ ይላል፣ የበርበሬው ሽታ አፍንጫ ይኮረኩራል፣ ከመንገዱ በኩል ጋሪ ሲያልፍ ይሰማል። አንድ ጨዋ ወጣት ደብተር በብብቱ ይዞ ገባና እጅ ነሣኝ።

"እንደምን ዋሉ አባባ? የፓርቲ አባላት እየመዘገብን ነበር። የርስዎን ስም ልጻፍ?"

"የትኛውን?" አልሁት። "የዓለም ስሜን ነው የክርስትና ስሜን?"

ልጁ ሳቀ፤ የቀለድሁ መሰለው። እኔ ግን የምሬን ነበር የጠየቅሁት። ውሃ አስጠጥቼ ሸኘሁት፤ ስሜንም አላስጻፍሁም። ልጆቼ አዲሱን መንግሥት የጠላሁ መስሏቸው ተቀየሙኝ። ነገሩ ከመንግሥት ጋር አይገናኝም። እኔ ራሴ በሃያ ዓመቴ ደብተር ይዤ የፓርቲ አባል የመዘገብሁ ሰው ነኝ፤ ያ ምዝገባ ያመጣውን ጣጣ ግን እስከዚያ ቀን ድረስ ለማንም ተናግሬ አላውቅም ነበር።

ዛሬ ፍኖተ ሰላም የምንላት ከተማ ያኔ ወጀት ነበረች። የእኛ አጥቢያ ዋንዛ ሜዳ ጊዮርጊስ ከወጀት ወደ ቡሬ ሲሄዱ፣ ከመንገዱ ወረድ ብሎ ነው። ጣሊያን ገብቶ ሁለተኛ ዓመቱን ሲይዝ ቡሬ ላይ ምሽግ ሠራ። ምሽጉና መንገዱ የሱ፣ ጫካውና ቆላው የአርበኞች ሆነ። መካከል ላይ የነበርነው ገበሬዎች ለሁለቱም እንገብር ነበር። እኔ ቅኔ ቤት ገብቼ ያቋረጥሁ፣ ከትምህርቱም ከእርሻውም ያልሆንሁ ጎረምሳ ነበርሁ። የምኮራበት ነገር ቢኖር የእጅ ጽሕፈቴ ብቻ ነው። አባታችን በመሞቱ ከታላቅ ወንድሜ ከይስማው ቤት እኖራለሁ። ይስማው ሥራ የማይደክመው፣ ሆደ ቡቡ፣ ነገር ግን ሰው ሲጮህበት እምቢ ማለት የማይችል ሰው ነበር። እወደው ነበር። ይህን አስቀድሜ ልናገር፣ በኋላ ላይ የሚመጣው እንዲገባችሁ።

አባል የመዘገብሁበትን ማኅበር የመሠረተው ግራዝማች ደምሌ የሚባል የቡሬ ሰው ነው። ከጦርነቱ በፊት ሹመቱን ተነጥቋል፣ ርስቱንም በሙግት ተረትቷል፤ ቂሙን ይዞ ቆይቶ ጣሊያን ሲመጣ የፋሽስቶቹን ጥቁር ሸሚዝ አጠለቀ። ሌላው ሁሉ የገባው ለጨው ነው፤ እሱ ግን አምኖበት ነበር። "አገር ያለ ጌታ አይጸናም፣ ጌታም ያለ ጅራፍ አይከበርም" ይላል። የሚመኘው አገር ሁሉም በየደረጃው የቆመበት ነው፤ ባላባት ከላይ፣ ገበሬ ከታች፣ ሸማኔና ቆዳ ፋቂ ከአጥር ውጪ። አርበኞቹን "ሥርዓት የለሾች" ነበር የሚላቸው፤ ማኅበሩንም "ማኅበረ ሥርዓት" አለው። የምሽጉ አዛዥ ደግሞ "ፓርቲ" ይለዋል። ቃሉን መጀመሪያ የሰማሁት ያኔ ነው።

የከተማዎቹ አባላት ጥቁር ሸሚዝ ለብሰው ቅዳሜ ቅዳሜ የቡሬን ገበያ ይዞሩ ነበር። የገጠሮቹ ግን ማንነታቸው እንዳይታወቅ ተደርጎ ነበር። ግራዝማች ከነሱ የሚፈልገው ጆሮና ዓይን ነው። ለዚያ የሚከፍላቸው በየወሩ አንድ ቁና ጨው ሲሆን፣ ድንጋይ ለመፍለጥ ወደ መንገድ ሥራ ከሚጠሩትም ስማቸው ይዘለላል። ወንድሜ ሦስት ሳምንት ድንጋይ ፈልጦ መዳፉ ተልጦ መጣ። በአራተኛው ሳምንት በርበሬ እሸጣለሁ ብሎ ቡሬ ሄደና አባል ሆኖ ተመለሰ። እኔንም ጸሐፊነት አስቀጠረኝ። ለሰው የነጋዴ ደብዳቤ እጽፋለሁ እል ነበር።

መቼም የኛ አገር ሰው ማኅበር ሲባል የሚያውቀው በታቦት ስም የሚጠጣውን ነው። ግራዝማች ጣሊያኖቹ እንደሚያደርጉት ያለ ስብሰባ ሊያደርግ አስቦ ነበር፤ በሁለተኛው ወር ግን አባላቱ ሙሴ የሚሉትን የማኅበር አለቃ መርጠው፣ የዳቦ ተራ ገብተው፣ የዳጉሳ ጠላ አስጠምቀው አገኛቸው። ጠላው ከመቀዳቱ በፊት እንደ ጣሊያን ቀኝ እጅ ወደ ፊት ይዘረጋል። አንድ ሽማግሌ እጃቸውን እንደዘረጉ ወደ እኔ ዘንበል ብለው፣ "አንተ የቤተ ክህነት ልጅ፣ ይኸ የበረከት ነው የእርግማን?" ብለው ጠየቁኝ። "እኔም አልገባኝም" አልኋቸው።

የእኔም ስሕተት ከዚሁ የመነጨ ነው። ግራዝማች የአባላቱን ስም በመዝገብ ጻፍ አለኝ። እኔ በሕይወቴ ያየሁት የማኅበር መዝገብ የጽዋ ማኅበር መዝገብ ነው፤ በሱ ላይ ደግሞ ካህኑ በጸሎት እንዲያነሣው የሚጻፈው የክርስትና ስም ነው። ስለዚህ ወልደ ገብርኤል፣ ገብረ ማርያም፣ ኃይለ ጊዮርጊስ እያልሁ በቀይና በጥቁር ቀለም አሳምሬ ጻፍሁ። ከየስሙም አጠገብ አጥቢያውን ጨመርሁ። ግራዝማች ደስ አለው፤ የጸና ቃል ኪዳን መሰለው። አዛዡም ፊደላችንን ስለማያውቅ መስመሮቹን በጣቱ ቆጥሮ ትከሻዬን ቸብ ቸብ አደረገኝ። የክርስትና ስም ከቤተሰብና ከነፍስ አባት በቀር የሚያውቀው ስለማይኖር፣ ያ መዝገብ ሰው የሞላበት ሆኖ ሰው የማይታወቅበት ነበር። እኔ ራሴ ይህን አላሰብሁትም ነበር። አባሎቹ ግን በልባቸው ደስ ያላቸው ይመስለኛል።

የማኅበሩ ጉልበት አንድ ዓመት ያህል ቆየ። ግራዝማች ሲያልፍ ሰው ከመንገድ ይወርድ ነበር። የእሱ ሰዎች ጎረቤታችንን አያ አስረስንም አባል ሁን ብለው ጠይቀውት ነበር። አያ አስረስ የወንድሜ እኩያ፣ ማሳው ከማሳችን የሚዋሰን፣ ነገር የማያበዛ ሰው ነው። "እኔ አንድ ማኅበር አለኝ፤ ሁለት ጠላ ሆድ ይነፋል" ብሎ መለሳቸው። ለዚህ መልሱ የዘር ወቅት ሲደርስ መንገድ ሥራ ወሰዱት። ወንድሜ የአስረስን ማሳ አርሶ ዳጉሳውን ዘራለት። የአስረስ ሚስት የሺ እርጎ ይዛ ልታመሰግነው ብትመጣ ከጓሮ ተደብቆ አልወጣም አለ።

ከዚያ የቤቶቹ ነገር መጣ። ግራዝማች ወንድሜን አስጠርቶ፣ ከማዶው መንደር ለአርበኞች እህል የሚልኩት እነማን እንደሆኑ ጠየቀው። ይስማው አላውቅም አለ። ግራዝማች ጮኸበት፤ ወንድሜም ተናገረ። በማግስቱ ወታደሮች ሄደው ሦስት ቤት ከነጎተራው አቃጠሉ። ከአንዱ ቤት ዓይነ ስውር ሽማግሌ ሳይወጡ ቀሩ። ወንድሜ ይህን ሲሰማ ሦስት ቀን እህል አልቀመሰም። የእኔ የምጽፍበት እጅ ግን አልሰነፈም፣ በወሩም ሄጄ ጻፍሁ።

ማኅበሩ እንደወጣ ወረደ። ክረምቱ አልፎ አርበኞች በረቱ፣ መንገዱ ተቆረጠ፣ ካሚዮን መምጣት አቆመ። ካሚዮኑ ሲቀር ጨው ቀረ፤ ጨው ሲቀር ሰው ቀረ። ጥቁሮቹ ሸሚዞች ተቀዳደው የዘር መቋጠሪያ ሆኑ። በመጨረሻው ስብሰባ ስድስት ሰው ነበርን፤ ዳቦውም ተራው የደረሰው ሰው ስላልመጣ አልነበረም። ግራዝማች ለስድስታችን ስድስት መቶ ሰው እንደቆመለት አድርጎ ተናገረ። ጠላሁትም አሳዘነኝም። በሳምንቱ ከነቤተሰቡ ምሽግ ገባ፤ አርበኞች ባዶ ቤቱን ሲበረብሩ መዝገቡን ከሣጥን ውስጥ አገኙት።

ኅዳር ነበር። ኑግ አብቦ ማሳው ሁሉ ቢጫ ሆኗል። ጠዋት ላይ ጥሩንባ ተነፋና የአጥቢያው ወንድ ሁሉ ከቤተ ክርስቲያኑ ሥር ካለው ሜዳ እንዲሰበሰብ ታዘዘ። አውጫጭኝ ነው ተባለ። አውጫጭኝ ጥፋተኛው እስኪታወቅ አገሬው በሙሉ ከአንድ ቦታ ተይዞ የሚውልበት፣ ውሃም ቢሆን የማይቀመስበት የቆየ ደንብ ነው። ጠመንጃ የያዙ አርበኞች ዙሪያችንን ቆሙ። አለቃቸው ከሲታ፣ ድምፁ ዝቅ ያለ ሰው ነው። ከተቃጠሉት ቤቶች አንዱ የእኅቱ፣ የሞቱት ሽማግሌም አማቷ እንደነበሩ ሁላችንም እናውቃለን። መዝገቡን ከጭኑ ላይ ሲዘረጋው የራሴን ጽሕፈት ከሩቅ አወቅሁት።

"ከናንተ ሦስት ሰው ተጽፏል" አለ። "ሁለቱ ምሽግ ገብተዋል፣ ታውቀዋል። ሦስተኛው እዚህ አለ። ኃይለ ጊዮርጊስ ይላል። ይውጣ።"

ማንም አልወጣም። ስሙ የተጠራው ወንድሜ ከፊቴ ነበር የቆመው፤ ማጅራቱ በላብ ሲርስ አያለሁ። ሚስቱ ሁለት ጊዜ አስወርዷት አሁን ዘጠነኛ ወሯን ይዛለች።

አለቃው ወደ ነፍስ አባታችን ወደ መምሬ ካሳ ዞረ። "አባቴ፣ እርስዎ ያውቁታል።"

"አውቀዋለሁ" አሉ መምሬ። "የማውቀው ግን በነፍስ አባትነቴ ነው። ብትገድለኝም አልነግርህም።"

"እንግዲያው መስቀሉን ይያዙልኝ። እያንዳንዱ እየተሳለመ የክርስትና ስሙን ይናገር።"

ሰልፍ ያዝን። ፀሐዩ በረታ። ሰው ይሳለማል፣ ስሙን ይናገራል፣ ወደ ቀኝ ይወጣል። የወንድሜ ተራ ደረሰ። መስቀሉን ተሳልሞ "ወልደ ሚካኤል" አለ። የሞተው አባታችን የክርስትና ስም ነበር። መምሬ እውነቱን እያወቁ መስቀሉን ወደ እኔ አዞሩት። እኔ የራሴን እውነተኛ ስም ተናግሬ አለፍሁና ከወንድሜ ጎን ቆምሁ። አልተያየንም። ሰልፉ እያለቀ ሲሄድ የዳንን መስሎኝ መተንፈስ ጀምሬ ነበር።

ከመጨረሻዎቹ አንዱ አያ አስረስ ነው። ዘንጉን ከመሬት አስተኝቶ፣ ጎንበስ ብሎ ተሳለመና "ኃይለ ጊዮርጊስ" አለ።

አለቃው ተነሥቶ ቆመ። "ስሙን ስጠራ ሰምተህ የለም? ለምን አልወጣህም?"

"የተጻፍሁት እኔ አይደለሁማ።"

"ስምህ ይኸው ነው አልህ።"

"ስሜማ ነው። መስቀል ስሜ ልዋሽ?"

"አንተ ካልሆንህ ማነው?"

አያ አስረስ ዘንጉን አንሥቶ፣ "እሱን የጻፈው ይንገራችሁ" አለ። ወደ እኛ በኩል አላየም።

ሽማግሌዎች ተነሥተው ለመኑ። ይህ ሰው መንገድ ሥራ የተወሰደው ማኅበሩን እምቢ ብሎ ነው አሉ። መምሬ ካሳ "ንጹሕ ነው፣ ነፍሴን አስይዛለሁ" አሉ። አለቃው "ንጹሕ ከሆነ ሌላውን ስጡኝ" አለ። "ሌላ ኃይለ ጊዮርጊስ ካለ ይውጣ። የጻፈውም ካለ ይውጣ።" ሦስት ጊዜ ጠየቀ። በሦስተኛው ጽሕፈቴን የሚያውቁት መምሬ ካሳ ቀና ብለው እኔን አዩኝ። እኔ ዓይኔን ወደ መሬት ጣልሁ። ወንድሜ የጋቢዬን ጫፍ ጨምድዶ ይዟል። ይህን ሁሉ ዘመን ለወንድሜ ብዬ ነው ዝም ያልሁት እያልሁ ኖሬአለሁ። ግማሹ እውነት ነው። ግማሹ ለራሴ ነበር፤ ጸሐፊውም ከተገኘ እንደማይተርፍ አውቃለሁ።

አያ አስረስን እጁን አሥረው ወደ ብር ወንዝ ወሰዱት። በማግስቱ የሺ ዳቦ ይዛ ስትሄድ ለጥቂት ጊዜ እንዲያነጋግራት ፈቀዱለት። ረፋዱ ላይ ኑግ ማሳ ውስጥ ቆሜ ሳለሁ አንድ ተኩስ ሰማሁ። አንድ ብቻ። ይስማው ከበሬዎቹ አጠገብ ተንበርክኮ ፊቱን በአፈር ውስጥ ቀበረ። በአሥራ አንደኛው ቀን ሚስቱ ወንድ ልጅ ወለደች።

ነጻነት መጣ። ግራዝማች ደምሌ ምሕረት ለምኖ አገኘ፤ ብዙም ሳይቆይ እንደገና ተሾመ፤ ሲሞትም በክብር ተቀበረ። የፖለቲካ ነገር እንዲህ ነው። የአያ አስረስ ሦስት ልጆች ግን "የባንዳ ልጆች" ተባሉ። ምንጭ ሲወርዱ ተባሉ፣ በግ ሲጠብቁ ተባሉ፣ ለጋብቻ ሲጠየቁ ተባሉ። የሺ ማሳዋን ሸጣ ወደ ጅጋ ሄደች። ወንድሜ ልጁን አሳደገ፣ ዳረ፣ ሞተ፤ ስለዚያ ቀን አንድም ጊዜ አልተነጋገርንም። እኔም በጽሕፈቴ የፍርድ ቤት ጸሐፊ ሆኜ ስንት ሰው በሐሰት ሲመሰክር እየሰማሁ ቃሉን ጽፌ፣ ጡረታ ወጣሁ።

ያ ወጣት ከቤቴ በወጣ በሦስተኛው ቀን መኪና ተሳፍሬ ጅጋ ወረድሁ። ገበያ ቀን ስለነበር በየመንገዱ ገበሬው ከነአህያው ሞልቷል። እታለም የሺን ልጃቸው ቤት፣ ግድግዳ ተደግፈው ነጭ ሽንኩርት ሲፈለፍሉ አገኘኋቸው። ዓይናቸው ደክሟል፤ በድምፄ ግን አወቁኝ።

"አላምነው ነህ? የይስማው ወንድም?"

"አዎ እታለም። አንድ ነገር ልነግርዎ ነው የመጣሁት። የግራዝማች ደምሌ ጸሐፊ እኔ ነበርሁ። በመዝገቡ ላይ የተጻፈው ኃይለ ጊዮርጊስም..."

"ይስማው ነው" አሉ። ሽንኩርቱን መፈልፈላቸውን አልተዉም። "አስረስ ነግሮኛል። እሱና ይስማው በአንድ ቀን፣ በአንድ ውሃ ነው ክርስትና የተነሡ። አንድ ስም ነው ያወጡላቸው። እናቱ ትነግረው ነበር።"

እኔ ስወለድ ያ ሁሉ አልፏል፤ ማንም አልነገረኝም። ያን ጊዜ ሜዳው ላይ አያ አስረስ የአለቃውን ቃል እንደሰማ ማን እንደተጻፈ አውቆ ነበር ማለት ነው። በአንድ ቃል ራሱን ማዳን ይችል ነበር።

"ለምን አልተናገረም?" አልሁ።

"እኔም ያን ነው የጠየቅሁት። 'ማሳዬን አርሶልኛል፤ ሚስቱም ልትወልድ ነው። እኔ አሳልፌ አልሰጠውም፤ ራሳቸው ይናገራሉ' አለኝ። እናንተን እየጠበቀ ነው የሞተው።" እጃቸውን ጠረጉ። "እንዳትናገሪ ብሎ አደራ ሰጠኝ። ልጆቼ ባንዳ ሲባሉ እየሰማሁ አደራውን ጠበቅሁ። ይስማው ይመጣል አልሁ፤ ሞተ። አንተም ትመጣለህ አልሁ። እነሆ መጣህ።"

እግራቸው ላይ ልወድቅ ጎንበስ ስል በእጃቸው ገፉኝ።

"እኔ ዘንድ ማልቀሱ ምን ያደርግልኛል? ሰው በተሰበሰበበት ነው የወሰዱብኝ። ሰው በተሰበሰበበት መልሱልኝ።"

በቀጣዩ እሑድ ዋንዛ ሜዳ ጊዮርጊስ ከቅዳሴ በኋላ ሕዝቡ ሳይበተን ቆሜ ተናገርሁ። ያኔ ከነበሩት በሕይወት ያሉት ከአምስት አይበልጡም፤ ቢሆንም "የባንዳ ልጆች" የሚለውን ቃል የማያውቅ አልነበረም። የተጻፈው ይስማው እንደሆነ፣ የጻፍሁት እኔ እንደሆንሁ፣ አያ አስረስ ንጹሕ እንደሆነ፣ እያወቀም ዝም እንዳለ ተናገርሁ። የወንድሜ ልጅ የአጥቢያው ሰበካ ጉባኤ ምክትል ሊቀ መንበር ነው፤ ከፊት ቆሞ ነበር። የአባቱን ስም ስጠራ ፊቱ አመድ መሰለ፤ ሳልጨርስ ወጥቶ ሄደ። እስከ ዛሬ ደጄን አልረገጠም፤ አልፈርድበትም።

ድሮ የፈራሁት ሞትን ነበር፤ በዚያ የሃያ ዓመት ልጅ ላይ አይፈረድም ይባል ይሆናል። በሠላሳ ዓመቴ፣ በአምሳ ዓመቴ የፈራሁት ግን ምን እንደነበር ልነግራችሁ አልችልም። የሚገድለኝ ሰው አልነበረም።

የአያ አስረስ ትልቋ ልጅ ከጅጋ በእግሯ መጥታ ከሴቶቹ መካከል ቆማ ነበር። ተናግሬ ስጨርስ ሰው እየመጣ ጉልበቷን እየሳመ ይቅር በይን ይላት ጀመር። እኔም ተራዬን ጠብቄ ቀረብሁ። ቀና ብላ ረዘም ላለ ጊዜ አየችኝና ነጠላዋን ሰብስባ ሄደች።